ስምንት ጠርሙስ፣ ስምንት ካርድ

ቀማሿ ያን ቅዳሜ ከሰዓት ከቤት ስትወጣ ሦስት ዓረፍተ ነገር በቃሏ ይዛ ነበር። «ስላሳለፍነው ጊዜ አመሰግንሃለሁ። ክፉ ሰው አይደለህም። ግን እኔና አንተ አንሆንም።» አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣ በልቧ ደጋገመቻቸው። ሦስተኛዋ ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ከመውረዷ በፊት «ግን» የምትለዋን አወጣቻት፤ ምንም አልቀለላትም።

ቀማሿ የተባለችው በሥራዋ ነው። በቢራ ፋብሪካው ላቦራቶሪ ጠዋት ጠዋት ከየታንከሩ የተቀዳውን ቀምሳ «ይለፍ» ወይም «ይቆይ» የምትል እሷ ናት። አባቷ ደግሞ የዚያው ፋብሪካ ዋና ጠማቂ ናቸው። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ እሳቸው ያልወደዱት ቢራ ከግቢው አልወጣም ይባላል። እንዲህ ያለ ቤት ያደገች ልጅ ምላሷ ስለታም ቢሆን አይፈረድባትም።

የሊፍት ጠጋኙን መጀመሪያ ያወቀችው ግን በጆሮዋ ነው። የዛሬ ስምንት ወር የፋብሪካው ሊፍት በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቅ መካከል ቀጥ ሲል ውስጡ ብቻዋን ነበረች። አርባ ደቂቃ ሙሉ ከበሩ ወዲያ እየፈታና እያሰረ ያጫወታት እሱ ነው። ጨዋታው ስለ ጥቁር ቢራ ነበር። በአክስቱ ቤት ጓሮ፣ ድሮ ልብስ ማጠቢያ በነበረች ክፍል ውስጥ ለራሱ እንደሚጠምቅ ነገራት። «ቀለሙ ድቅድቅ ጨለማ፣ ጣዕሙ የተቃጠለ ውሃ ነው» አላት። በሩ ሲከፈት ቅባት የነካው ግንባርና ሁለት የሚስቁ ዓይኖች አየች። ማንም ሳይጠይቃት «አምጣና ልቅመስልህ» አለችው። ይህን ያለው ምላሷ ይሁን ልቧ እስካሁን አልለየችም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሥርዓት ያዘ። ጠጋኙ በየሦስት ሳምንቱ አንድ ጠርሙስ ለፋብሪካው በር ጠባቂ ይሰጣል። የውጭ ቢራ ላቦራቶሪ ስለማይገባ ቀማሿ ወደ ቤቷ ትወስደዋለች፤ ግማሹን ለአባቷ ትቀዳለች፣ ግማሹን ራሷ ትቀምሳለች። ፍርዷን በትንሽ ካርድ ጽፋ ባዶው ጠርሙስ አንገት ላይ በክር አስራ ትመልስለታለች። ቀጣዩ ጠርሙስ ሲመጣ ያው ካርድ ታስሮበት ይመጣል፤ ጀርባው ላይ የጠጋኙ መልስ አለ።

«ቁጥር አንድ። ያረረ ጣዕም አለው፤ ምላስ ያደርቃል። በደንብ የተቆላውን ጥቁር ብቅል ከሌላው ጋር ከመጀመሪያው አትዘፍዝፈው። መዘፍዘፉ ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ጨምረው።» ጀርባው ላይ፦ «እሺ። ከሊፍት ስትወጪ ግን ረጅም ሆነሽ አገኘሁሽ፤ በድምፅሽ አጭር መስለሽኝ ነበር።»

«ቁጥር ሁለት። ማረሩ ጠፍቷል፤ ጎበዝ። አሁን ቀጭን ነው። አጃ ጨምርበት፤ አፍ ላይ ይለሰልሳል።» ጀርባው ላይ፦ «አጃው ገብቷል። አክስቴ ለቁርሷ የገዛችው ስለሆነ ጸልዪልኝ።»

«ቁጥር ሦስት። ለስልሷል፤ ነገር ግን አሁንም ቀጭን ነው። ድፍድፉን ስልሳ ስምንት ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት አቆየው። ከዚያ ዝቅ ካለ የሚወጣውን ስኳር እርሾው ሙልጭ አድርጎ ይበላዋል፤ ለጠጪው አፍ የሚተርፍ የለም። ቴርሞሜትር አለህ?» ጀርባው ላይ፦ «በክርኔ ነው የምለካው።»

በዚህ መልስ ብቻዋን ሳቀች፤ ከሳቋ በኋላ ደግሞ አንድ ነገር አደረገች። የላቦራቶሪ ሥራ የጀመረች ዕለት አባቷ የሰጧት፣ በነሐስ ቤት ውስጥ የምትቀመጥ፣ ቀይ ፈሳሽ ያላት የመስታወት ቴርሞሜትር ነበረቻት። አባቷ በወጣትነታቸው የመጀመሪያ ቢራቸውን የጠመቁባት ናት። ሲሰጧት «ስለሷ አንድ የምነግርሽ ነገር አለ» ብለው ጉሮሯቸውን ጠራረጉና፣ ሰው የጠራቸው ይመስል ውልቅ ብለው ወጡ፤ ወሬውም በዚያው ቀረ። የላቦራቶሪው መለኪያ ሁሉ በኤሌክትሪክ የሚሠራ በመሆኑ አንድ ቀን እንኳ አልተጠቀመችባትም። ይህችን ከመሳቢያዋ አውጥታ፣ ቀይ ክር አስራባት፣ ከአራተኛው ካርድ ጋር ላከችለት። ለአባቷ ትንፍሽ አላለችም። ጠጋኙ ካላት ሁሉ የምትሳሳለትን እንደሰጠችው ገብቶት ኖሯል፤ በካርዱ ጀርባ የጻፈው «እንደ ዓይኔ» ብቻ ነበር።

አሁን ይስተካከላል ብላ ጠበቀች። አምስተኛው ቀጭን ሆነ። ስድስተኛውም እንዲሁ፤ በዚያ ካርድ ጀርባ ላይ «ቢራው ባይሳካም ካርድሽ እስኪመጣ የምጠብቀው ሦስት ሳምንት ከሁሉም ይጥመኛል» ብሎ ጻፈላት፤ ካርዱን ትራሷ ሥር አድርጋ አደረች። ሰባተኛው ሽታው ልብ ይሰርቃል፣ አረፋው ቡናማና ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ አፍ ሲገባ ግን ውሃ። ስምንተኛው ላይ ትዕግሥቷ አለቀ። «ቁጥር ስምንት። ቀጭን። ስልሳ ስምንት ብዬ ስንት ጊዜ ልጻፍ? የምጽፈውን ታነበዋለህ?»

ከዚያ በኋላ ጠርሙስ አልመጣም። ሰባት ሳምንት ሆነ። ሁለት ጊዜ ደውሎ «ሥራ በዝቶብኝ ነው» አላት፤ ሁለቱንም ጊዜ «ይሁን» ብላ ዘጋችው። ሁለቱም ሊሉ የፈለጉት ሌላ ነበር።

አባቷ የተናገሩት ሐሙስ ዕለት፣ ራት ላይ ነው። «እኔ ቅባቱን አይቼ አይደለም» አሉ። «ሊፍት መጠገንም ሥራ ነው።» ሥራ የምትለዋን ግን ከሌሎቹ ቃላት ዝቅ አድርገው ነው ያሏት። «ግን አስቢው ልጄ። ስልሳ ስምንት ብለሽ አራት ጊዜ ጻፍሽለት፤ አራት ጊዜ ውሃ ላከልሽ። በድፍድፍ ያልሰማሽ ሰው በትዳር ሊሰማሽ ነው? ምክር የማይሰማን መከራ ይመክረዋል ይባላል። ሚስት ያገባ እንደሆነ ደግሞ መከራው ለሁለት ነው።»

በሌላ በሌላው ቢያጣጥሉት ትሟገትለት ነበር። ይህኛውን ግን እሷም ለብቻዋ ስታስበው የከረመችው ነገር ነው። አንገቷን ደፍታ ሳህኗን አነሳች። ቅዳሜ ሄዳ ራሷ እንደምትጨርሰው ለአባቷ ነገረቻቸው።

የጠጋኙ አክስት በሩን የከፈቱላት እጃቸው ሳሙና እንደሆነ ነው። «ግቢ ልጄ። የለም፤ ሰው ሊፍት ውስጥ ተዘግቶበት ሄዷል። አንቺም እንዲሁ አይደል የተያዝሽው?» ብለው ሳቁ። እሷ ለመሳቅ ስትሞክር ፊቷን አዩትና ሳቃቸውን ሰበሰቡ። «እዚያ ጓዳው ውስጥ ቁጭ ብለሽ ጠብቂው። መጋረጃዬ ብቅል ብቅል እየሸተተብኝ፣ ጎረቤቱ ዳቦ ቤት የከፈትኩ መስሎታል።»

ክፍሏ ጠባብ ናት። አንድ የሲሚንቶ ገንዳ፣ ሁለት ትልልቅ ድስት፣ ክዳኑ ላይ ቀጭን ቱቦ የተተከለበት ባልዲ፣ ቆርኪ መግጠሚያ፣ በመስመር የተደረደሩ የታጠቡ ጠርሙሶች። ከገንዳው በላይ፣ በዓይን ልክ፣ ስምንተኛው ካርድ በሚስማር ተሰክቷል። የራሷን ጽሑፍ ከግድግዳ ላይ ስታነበው ሌላ ሰው ሌላውን ሲሰድብ የሰማች መሰላት። «የምጽፈውን ታነበዋለህ?» ምነው ያን ጊዜ እጄን በያዘኝ አለች።

ከካርዱ ሥር ደብተር ተዘርግቷል። ሰው ሳይፈቅድ ደብተር ማንበብ ነውር መሆኑን ታውቃለች፤ ያም ሆኖ አነበበች። «ቁጥር አምስት። ድፍድፍ፣ 68። ከአሥር ደቂቃ በኋላ፣ 68። ከሃያ በኋላ፣ 68። ከሠላሳ በኋላ 67 ሆነ፤ ትንሽ ሙቅ ውሃ፤ 68።» ገጹን ገለበጠች። «ቁጥር ስድስት። እንዳይቀዘቅዝ የአክስቴን ብርድ ልብስ ድስቱ ላይ ጠቀለልኩ። አልነገርኳትም። 68፣ 68፣ 68።» ሰባተኛውም ስምንተኛውም እንደዚያው። በየአሥር ደቂቃው ጎንበስ ብሎ አይቷል፣ በየአሥር ደቂቃው ጽፏል። የሚሰማ ሰው ከዚህ በላይ ምን ያደርጋል?

እንግዲህ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ደብተሩ ይዋሻል፣ ወይ የሚለካው ዕቃ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ብላ ተነሳች። ቴርሞሜትሯ በቀይ ክሯ ሚስማር ላይ ተንጠልጥላለች፤ የነሐስ ቤቷ ከመሳቢያ ከወጣችበት ቀን ይልቅ ዛሬ ያብረቀርቃል። ከአክስቱ ማቀዝቀዣ በረዶ ለምና፣ ብርጭቆ ውስጥ ከጥቂት ውሃ ጋር አድርጋ፣ ቴርሞሜትሯን ከተተቻት። በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ ዜሮ ማንበብ አለባት። ቀዩ ፈሳሽ ወረደ፣ ወረደና አራት ላይ ቆመ። አወዛወዘቻት፤ ያው አራት። ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ ስታያት ከፈሳሹ መሃል የፀጉር ያህል ክፍተት አለ። ፈሳሹ ተቆርጧል፤ የተቆረጠው ከላይ ሆኖ አራት ዲግሪ እየጨመረ ያወራል።

ስልሳ ስምንት ሲያነብ እውነቱ ስልሳ አራት ነበር። በስልሳ አራት ደግሞ የሷ አባት ቢጠምቁትም ቀጭን ነው። ላቦራቶሪው ግድግዳ ላይ «ማንኛውም መለኪያ ሳይፈተሽ አይሠራበት» የሚለውን ማስታወቂያ በእጇ የለጠፈችው እሷ ራሷ ናት። ገልብጣ ያስቀመጠችው የጠርሙስ ሣጥን ላይ ቁጭ አለች።

ጠጋኙ የመሣሪያ ቦርሳውን አንግቶ ሲገባ ያገኛት እንደዚያ እንዳለች ነው። መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ በረዶውን አየ። አልደነቀውም።

«አገኘሽው» አለ።

«ታውቅ ነበር?»

«ካርድሽ ከደረሰኝ በኋላ ነው ያወቅኩት። ታነበዋለህ ወይ ብለሽ የለ? ምናልባት የማነበው ሌላ ቢሆንስ ብዬ እኔም በረዶ ውስጥ ከተትኳት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

ቦርሳውን አስቀምጦ ገንዳው ላይ እጁን መታጠብ ጀመረ። ሳሙናውን ከሚያስፈልገው በላይ አሸው። «ምን ብዬ? ጥፋቱ የኔ ሳይሆን የስጦታሽ ነው ልበል? ሰበብ ይመስላል። ደግሞ ያንቺም አይደለችም፤ አንቺው እንደነገርሽኝ የአባትሽ ናት። እኔ የሊፍት ጠጋኝ ነኝ። የዋና ጠማቂው ቴርሞሜትር ትዋሻለች ብዬ በየት በኩል ቤታችሁ ልግባ?»

«ስለዚህ ሆድ ይፍጀው አልክ።»

«አልኩ።»

«ዛሬ ለምን እንደመጣሁ ታውቃለህ?»

ዞር ብሎ አያት። ውሃው ከጣቶቹ እየተንጠባጠበ እጁን ማድረቁን ረሳው። «ከፊትሽ ጠርጥሬያለሁ» አለ ቀስ ብሎ።

«ልተውህ ነው። አትሰማኝም ብዬ። ሦስት ዓረፍተ ነገር አዘጋጅቼ መጣሁ።»

«በያቸዋ እንግዲህ። ተዘጋጅተሽ መጥተሽ።»

«ስላሳለፍነው ጊዜ…» ብላ ጀመረችና እንባዋ ቀደማት። በእጇ ጀርባ ጠራረገችው። «የቀሩት ጠፉብኝ።»

ሣጥን ስቦ ከፊቷ ተቀመጠ፤ ጉልበታቸው ሊነካካ ምንም አልቀረውም። «አራት ዲግሪ ሊያለያየን ነበር» አለ።

«አራቱ ዲግሪ አይደለም። ዝምታህ ነው።»

«ያንቺስ? ስንት ሳምንት ዝም አልሽ?»

«ሰባት።»

«ቆጥረሻል።»

«አንተስ?»

«ሰባት ሳምንት ከሁለት ቀን» አለና በሰባቱ ሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱም ፈገግ አሉ።

ከገንዳው ሥር እጁን ሰድዶ ካርድ የሌለው ጠርሙስ አወጣ። «ዘጠነኛው ነው። ሰባ ሁለት እስክትል አሙቄ ያንኑ ያዝኩት፤ እሷ ሰባ ሁለት ስትል እውነቱ ያንቺ ስልሳ ስምንት ነው። አምስት ሳምንት ጠርሙስ ውስጥ ተኝቷል። ልልከው አሥር ጊዜ አንስቼ አሥር ጊዜ አስቀመጥኩት። ብልከው ምን ለወጥክ ትዪኛለሽ፤ ላንቺ መዋሸት ደግሞ አልችልበትም።»

ቀዳላት። አረፋው ብርጭቆው ላይ ሳይቸኩል ቆመ። ስትቀምሰው መጀመሪያ የቸኮሌት ምሬት መጣ፣ ከዚያ የአጃው ልስላሴ፣ ከዚያ ከዋጠችው በኋላ እንኳ ከአፏ የማይወጣ ሙሉነት። ስድስት ዓመት በቀማሽነት ስትሠራ ለቀመሰችው ሁሉ ቃል አጥታ አታውቅም። አሁን ግን ጠጥታ ጨረሰችና ባዶውን ብርጭቆ ዘረጋችለት። እሱም ካርድ አልጠየቃትም።

ስትወጣ ከዚያው ከዘጠነኛው ሌላ ጠርሙስና ቴርሞሜትሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «ለአባባ ላሳያት ነው። ትመለሳለች» አለችው።

«ይቆጡሻል።»

«ይቆጡኛል» አለች፤ ቁጣው እንደመጣ ይምጣ ብላ ቆርጣለች።

በማግሥቱ እሁድ፣ የምሳው ሳህን ከተነሳ በኋላ፣ የነሐስ ቤቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። በሌላ እጇ በረዶ ያለበት ብርጭቆ ይዛለች። አባቷ የዕቃዋን ቀይ ክር አዩት።

«አባባ፣ ይቺን ለሱ ሰጥቻት ነበር። አልነገርኩዎትም። ከአምስተኛው ጀምሮ የጠመቀው በሷ ነው። ትላንት ፈተሽኳትና…»

«አራት ትበልጣለች» አሉ አባቷ።

ብርጭቆውን ገና ጠረጴዛው ላይ አላስቀመጠችም ነበር።

ዋና ጠማቂው የነሐሱን ቤት አነሱና በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ሲናገሩ እሷን አላዩም። «ጀማሪ ሳለሁ ከእጄ ወደቀች። መስታወቷ ተረፈ፣ ፈሳሹ ተቆረጠ። አዲስ መግዛት አቅቶኝ አይደለም፤ ለመድኳት። ከዚያ በኋላ የጠመቅኩትን ሙከራ ሁሉ በልቤ አራት እየቀነስኩ ነው የጠመቅኩት። የሰጠሁሽ ዕለት ልነግርሽ ነበር። ነገር ግን እንባዬ መጣ። ልጄ ፊት አላለቅስም ብዬ ወጣሁ፤ ስመለስ ሌላ ወሬ ተይዟል። በዚያው ረሳሁት።»

ቴርሞሜትሯን መልሰው አስቀመጧት። ነገሩ ሙሉ በሙሉ ሲገባቸው ከፊታቸው ላይ አየችው፤ እንደዚያ ዕለት ሽማግሌ መስለዋት አያውቁም። «አራት ጊዜ ጻፍሽለት» አሉ። «አራት ጊዜ እንዳልሽው አደረገ።»

«ደብተሩን አይቻለሁ። በየአሥር ደቂቃው።»

«እኔ ደግሞ የማይሰማ አልኩት።»

«እኔም ብያለሁ፤ ሳልፈትሽ የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለች።

ከዚያ ዘጠነኛውን ከፈተች። አባቷ እንደ ልማዳቸው ወደ ብርሃን አነሱት፣ አሸተቱት፣ አንዴ ተጎነጩለት። ዋና ጠማቂው የሚፈርዱትን ቢራ ሁለተኛ አይጎነጩም፤ አንዱ ካልነገረኝ ሁለተኛው አይነግረኝም ይላሉ። ብርጭቆውን አስቀመጡ። ጥቂት ቆይተው እንደገና አነሱትና ጠጡ።

«ካርድ አምጪ» አሉ።

በፋብሪካው መዝገብ ላይ በሚጽፉበት ቀጥ ያለ ፊደል፣ ሳይቸኩሉ ጻፉ፤ ክሩንም ራሳቸው አሰሩት። ቀማሿ ጠርሙሱን ወደ ራሷ አዙራ አነበበች። «ቁጥር ዘጠኝ። አፍ ይሞላል። የጠመቀው ሰው ይሰማል፤ ያልሰማሁት እኔ ነኝ። አሥረኛውን በበር ጠባቂ አይላከው። እሁድ ራሱ ይዞት ይምጣ።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሦስተኛ ልታነብ ስትል አባቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጀርባውን ባዶ ተውኩለት» አሉ። «መልስ የሚጽፈው እዚያ አይደል?»

ቀና ብላ አየቻቸው። በየሦስት ሳምንቱ እነዚያ ጠርሙሶች ካርዳቸውን እንዳሰሩ ወጥ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ቆመው ሲያድሩ ታሰባት። «አንብበውታል?»

«ቢራ ስቀምስ ጠርሙሱንም ዙሪያውን አያለሁ፤ ልማዴ ነው። ስድስተኛው ላይ የጻፈው ደህና ነበር።»

በእፍረት አንገቷን ደፍታ ሳቀች፤ ሳቁ መሃል ላይ ሲደርስ ልቅሶ ሆነባት። የአባቷም ዓይን እንባ አቀረረ። ወደ በሩ አንዴ አዩና ከወንበራቸው ሳይነሱ ቀሩ።